የጀልባችን የኋላ ግድግዳ

ጀልባ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ሸራው ነው። ነፋስ የሞላውን ነጭ ሸራ በቀን መቁጠሪያና በፖስት ካርድ ላይ እያየን ስላደግን ጀልባ ማለት እሱ ብቻ ይመስለናል። ስለ ጀልባ የኋላ ግድግዳ የሚያወራ ሰው ግን አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ባለቤቴ አንድ አሮጌ ጀልባ ገዝቶ በራችን ላይ እስኪያቆመው ድረስ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። እዚህ አገር “ትራንሰም” ይሉታል። ጀልባው ከፊት ሾል ብሎ ይጀምርና ከኋላ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ያንን የተቆረጠ አፍ የሚዘጋው ሰሌዳ ነው ትራንሰም የሚባለው። መሪው እዚያ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሞተርም ካለ የሚታሰረው እዚያው ላይ ነው። ውድ አንባቢያን፣ በተለይም ባልና ሚስት የሆናችሁ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ ሰሌዳ ነው። ለቤተሰብ መጽሔት እንግዳ ርእስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እባካችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

የምንኖረው ሲያትል ነው። ሲያትል በውኃ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በምዕራብ ፒዩጄት ሳውንድ የሚባለው ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገባ የባሕር ክንድ፣ በምሥራቅ ደግሞ የዋሽንግተን ሐይቅ አለ። ሁለቱን በሚያገናኘው ቦይ ላይ፣ ባላርድ በሚባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1917 የተከፈተ የውኃ በር አለ፤ ጀልባዎች ገብተው ይቆሙና ውኃው ከፍ ወይም ዝቅ እያለ ከባሕሩ ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁም ወደ ባሕሩ ያሻግራቸዋል። የሀገራችን ሰው በዚህች ከተማ ብዙ ነው። በጀልባ የሚሄድ ግን ከእኛ በፊት አላየሁም።

ባለቤቴ ያደገው ባሕር ዳር ነው። ልጅ ሆኖ ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ቀዝፏል። እኔ ያደግሁት ሆሳዕና ስለሆነ ውኃ የማውቀው በእንስራና በጀሪካን ነው። ይህን የምነግራችሁ ጠባችን ከየት እንደተነሣ እንድትረዱልኝ ነው። በዚያን ጊዜ እሱ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ እኔ ነርስ ስለሆንኩ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ በር ላይ እንተላለፋለን። ልጃችንን እየተቀባበልን፣ የቀረውን ነገር ሁሉ ፍሪጅ በር ላይ በምንለጥፈው ብጣሽ ወረቀት እንጨርሰዋለን። “የመብራት ተከፍሏል።” “ሐሙስ የጥርስ ሐኪም አላት።” ሁለት ዓመት ሙሉ ትዳራችን በብጣሽ ወረቀት የሚመራ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቀን ጠዋት እዚያ ወረቀት ላይ “ጀልባ ገዛሁ። ስትመለሺ እነግርሻለሁ” የሚል አገኘሁ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ወደ ልጃቸው ከተማ ሲዛወሩ ጀልባቸውን ከነተጎታቹ በ800 ዶላር ሰጥተውት ነው። የዚያን ቀን ሥራ ቦታ እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጀልባው 22 ጫማ ርዝመት ያለው፣ በ1970ዎቹ በፋይበርግላስ የተሠራ ነው። በሸራ ነው የሚሄደው፤ ነገር ግን ነፋስ ሲጠፋ፣ ወደብ ሲገባና በውኃው በር ሲታለፍ ያለ ትንሽ ሞተር ችግር ነው። አብሮት የመጣው አሮጌ ሞተር በመጀመሪያው ዓመት ሞተብንና ባለቤቴ ሌላ ገዛ፤ ባለ 6 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 27 ኪሎ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ድሮ እነዚህ ጀልባዎች ሲሠሩ የነበሩት ትንንሽ ሞተሮች ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሄዱ፣ ቀለል ያሉ ነበሩ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የጭሱን ደንብ ደረጃ በደረጃ ሲያጠብቅ እነዚያ እየቀሩ፣ ንጹሕ ጭስ ያላቸው ግን ከበድ የሚሉት ባለ አራት ምት ሞተሮች ቦታቸውን ያዙ። ስለዚህ በአሮጌ ጀልባ ጀርባ ላይ አዲስ ሞተር ሲሰቀል፣ ግድግዳው ያልተሠራለትን ሸክም ይሸከማል ማለት ነው።

ነገሩ የታየው እ.ኤ.አ. በ2021 በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ ማምሻ ላይ ነው። ሦስታችንም ጀልባው ላይ ነበርን። ነፋሱ ጠፍቶ በሞተር ወደ ሺልሾል ወደብ እየተመለስን ሳለ አንድ ትልቅ መርከብ በሩቁ አለፈ፤ ማዕበሉም ጥቂት ቆይቶ ደረሰብን። ልጃችን ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። “እማዬ፣ ግድግዳው ይተነፍሳል” አለችኝ። ዞር ብዬ ስመለከት እውነቷን ነው። ሞተሩ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ነጩ ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ከላይኞቹ ሁለት ብሎኖች ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ተዘርግቷል። ባለቤቴ ሞተሩን አጥፍቶ በገመድ ከጀልባው ጋር አሰረው፤ ሌላ ጀልባ የያዙ ደግ ሰዎች ጎትተው ወደብ አደረሱን። የፒዩጄት ሳውንድ ውኃ በበጋም ቢሆን እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚያ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የለውም። ሦስታችንም የሕይወት ጃኬት ለብሰን ስለነበር እግዚአብሔር ይመስገን። መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ ግን ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ እኔ ተናገርኩ። “ወይ ይሸጣል፣ ወይ ልጄ ሁለተኛ አትሳፈርበትም” አልኩት።

ገዢ ለማግኘት አልተቸገርንም። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በቅርቡ የተጋቡ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ልጁ ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ጀልባውን ወድዶት ነበር። 1,500 ዶላር እንደሚከፍል ነገረን። ባለቤቴ ከብሎኖቹ ዙሪያ ያለውን ስንጥቅ በጥፍሩ ሲጭር ቀለሙ ተላጠ፤ ከሥሩም ሌላ ስንጥቅ በስቱኮ ተደፍኖ ተገኘ። እንግዲህ ከእኛም፣ ምናልባት ከጎረቤታችንም በፊት፣ አንድ ሰው ይህን ስንጥቅ አይቷል፤ ስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶ ሸጦታል። የ10 ዶላር ስቱኮና የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። እኛም እንዲሁ ማድረግ እንችል ነበር፤ ማንም አያውቅብንም።

ባለቤቴ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። እሱ ያለው፣ “እንንገራቸውና ዋጋ እንቀንስላቸው” ነው። ለጊዜው እውነተኛ ነገር ነው። እኔን ግን አላሳረፈኝም። ሚስትየዋ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። “ግድግዳው ትንሽ ለስልሷል” ብንላቸው ምን ይገባቸዋል? ለእኛስ ምን ያህል እንደለሰለሰ መች ታወቀን? ያላየነውን ነገር ነግረን ነጻ ልንወጣ ነው? ለሰው የምንነግረው ነገር ካለ መጀመሪያ ከፍተን ማየት አለብን አልኩት። ባለቤቴ ትክ ብሎ አየኝ። ያቺ ውኃ የምትፈራው፣ ጀልባው ከደጇ እንዲጠፋላት የምትፈልገው ሴት፣ ይከፈት ያለችው እሷ ሆነች!

ጀልባው በተጎታች ላይ ሆኖ ወደ ግቢያችን ተመለሰ። የመጀመሪያው ሥራ ማንኳኳት ነው። የፕላስቲክ ራስ ባለው ትንሽ መዶሻ ከዳር እየጀመሩ ግድግዳውን በየሁለት ሳንቲ ሜትሩ መታ መታ ማድረግ። ደህናው ቦታ ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ደግሞ እንደ ካርቶን ድፍን ይላል። እኔ በነርስነቴ የሰው ደረት በጣቴ እያንኳኳሁ ውኃ የቋጠረውን ሳንባ መለየት ስለተማርኩ ይህ ሥራ አልከበደኝም፤ በእርሳስም እያከበብኩ ሄድኩ። ክቡ ሲገጥም የግድግዳው ሲሶ ያህል ውስጡ ገባ። ባለቤቴ “ይህን ሁሉ?” አለ። ይህን ሁሉ።

ለምን እንደሚበሰብስ ላስረዳችሁ። ይህ ግድግዳ ከውጭ ሲያዩት ወጥ ፋይበርግላስ ይመስላል እንጂ ሳንድዊች ነው፤ በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ቆዳ መካከል ኮምፔርሳቶ አለ። ቆዳዎቹ ብርታት የሚኖራቸው በመካከላቸው ያለው እንጨት ደረቅና የተጣበቀ እስከሆነ ድረስ ነው። ብሎን ለማስገባት ሲበሳ ቀዳዳው እንጨቱን ያልፋል፤ በብሎኑ ዙሪያ የተደረገው ማሸጊያ ከዓመታት በኋላ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ውኃ በዚያ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ደግሞ የሚገርመው የሚያበሰብሰው በይበልጥ የባሕሩ ውኃ አይደለም፤ ጨው የሻጋታን እድገት ይገታል። ቀስ ብሎ የሚገድለው ከሰማይ የሚወርደው ንጹሕ ዝናብ ነው። ሲያትል ደግሞ ዝናብ አታጣም።

ሸክሙንም አስሉት። ሞተሩ 27 ኪሎ ነው። የሚንጠለጠለው ግን ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ባለ፣ ከፍና ዝቅ በሚል የብረት ክንድ ላይ ነው። ክንዱን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፤ በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር አለ። 27 በ30 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል 40 ተኩል ይመጣል። እንግዲህ ጀልባው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ የላይኞቹ ሁለት ብሎኖች በ40 ኪሎ ያህል ጉልበት ወደ ውጭ ይሳባሉ፤ የክንዱ ታችኛ ጫፍም በዚያው ልክ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሞተሩ ሲነሣ ይጨምራል፤ ፕሮፔለሩ ከታች ሆኖ ወደ ፊት ስለሚገፋ የሞተሩ እግር ወደ ጀልባው፣ ራሱ ወደ ኋላ መሄድ ይፈልጋል፤ ያም እነዚያኑ የላይ ብሎኖች ይስባቸዋል። የኋላ ማርሽ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዚህ ላይ ማዕበል ሲያነሣና ሲጥል አስቡት። ይህን ሁሉ ሸክም ከውስጥ በኩል ይዞልን የነበረው ምን መሰላችሁ? ከሳንቲም የማይበልጡ አራት ሮንዴላዎች! ለስልሶ በነበረው እንጨት ውስጥ እንደ ጣት በሊጥ ውስጥ ሰምጠው አገኘናቸው።

ከውጭ ሆኖ ትልቅ የብረት ላሜራ መለጠፍ ይበቃል ያሉን ነበሩ። የበሰበሰ ነገር ላይ ላሜራ ቢለጠፍ ላሜራው ደህና ይሆናል፤ ግድግዳው ግን ያው ነው። መከፈት ነበረበት። የጀልባ መጠገኛ አንዱን ጠይቀን ከ2,000 ዶላር በላይ ነገረን፤ ያንን የመክፈል አቅም አልነበረንም። ስለዚህ በገዛ እጃችን።

ከውጭ በኩል ብንከፍተው መልኩ ይበላሻል፤ ከውስጥ ለመክፈት ደግሞ በመቀመጫው ሥር ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ገብቶ፣ በሆድ ተስቦ እስከ ኋላ መድረስ ያስፈልጋል። ባለቤቴ ሞከረ፤ ትከሻው አላለፈም። ሁለተኛ በጎኑ ሞከረ፤ ተቀርቅሮ በስንት መከራ ወጣ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም ብለን ተያየን። እኔ ቀጭን ነኝ።

እንዲህ ሆኖ ነው ሥራው የእኔ የሆነው። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ አለው። ግንባሬ ላይ መብራት አስሬ፣ የአቧራ መከላከያ ጭንብልና መነጽር አድርጌ፣ ረጅም ጓንት ለብሼ ገባሁ። የፋይበርግላስ ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ቆዳ ላይ ሲያርፍም እንደ ሳማ ያሳክካል። በሙቅ ውኃ መታጠብ ያባብሰዋል፤ ቀዝቃዛ ነው የሚሻለው። ባለቤቴ በአፉ በኩል ቬንትሌተር ይዞ አየሩን እየሳበልኝ፣ በየአሥር ደቂቃው “ውጪ!” ይለኛል። በምትንቀጠቀጥ ትንሽ መቁረጫ የውስጡን ቆዳ፣ ከዳር ዳሩ አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር አስቀርቼ፣ እንደ መስኮት ቆርጬ አነሣሁት። ከዚያ ያለው እንጨት መሮ አላስፈለገውም። በማንኪያ ነው የዛቅሁት። ጥቁር፣ ውኃ የሚያፈስ፣ እንደ ረጠበ የሻይ ቅጠል ያለ ነገር ነው። ሦስት ባልዲ ሞላ። ባልዲውን ወደ ውጭ ባቀበልኩ ቁጥር የባለቤቴ ፊት ይጠቁራል። ሦስተኛውን ሲቀበለኝ “ልጄን በዚህ ላይ ነው ያስቀመጥኳት” አለ። መልስ አልሰጠሁትም። ከዚያ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መልስ መስጠት አይቻልምና እሱም አልጠበቀም።

ቀጥሎ የመጣው መድረቅ ነው፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጣና ላይ ቀዛፊው ከውኃ ሲወጣ ታንኳውን ጎትቶ አውጥቶ አቁሞ ያደርቃታል፤ ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ ካልደረቀች ከብዳ ትሰምጣለች። ይህን ባለቤቴ ያጫወተኝ በዚያን ጊዜ ነው። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖን ስለ ታንኳ የነገረኝ የመጀመሪያው ቀን መሆኑን ሳስብ ገረመኝ። መብራት አብርተን፣ ቬንትሌተር ከፍተን፣ ማታ ማታ አንዲት ቁራሽ ላስቲክ ዳር ዳሯን በፕላስተር ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን። ጠዋት ከሥሯ ጤዛ ካለ ገና እርጥብ ነው። ጠዋት እሱ ከሥራ ሲገባ፣ እኔ ልወጣ ስል፣ አብረን ሄደን ላስቲኳን እናያለን። አምስት ደቂቃ ነው። ነገር ግን በዚያች አምስት ደቂቃ ሻይ ይዘን ቆመን ማውራት ጀመርን፤ መጀመሪያ ስለ ጤዛው፣ ቀጥሎ ስለ ሌላ ሌላው። ስለዚያ ማምሻም አወራን። እሱ እንደፈራ አልነገረኝም ነበር፤ ነገረኝ። የሌሊት ፈረቃውን እንደጠላውም ነገረኝ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ላስቲኳ ደረቅ ሆና ተገኘች፤ እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ።

ከቤተ ክርስቲያናችን አባቶች መካከል በአዲስ አበባ ዕድሜያቸውን በሙሉ አናጢ የነበሩ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጀልባ ነክተው አያውቁም፤ ኮምፔርሳቶ ግን ያውቃሉ። እሳቸው ያስተማሩን ትልቁ ነገር ባለ 18 ሚሊ ሜትር አንድ ወፍራም ሰሌዳ ሳይሆን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሁለት ስስ ሰሌዳ መግዛት ነው። ግድግዳው በመጠኑ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ወፍራሙ አይታጠፍም፤ ስሶቹ ታጥፈው በኮላ ሲጣበቁ ግን ያንን ጉብጠት ይዘው ይቀራሉ። የገዛነው ለጀልባ የሚሆነውን ዓይነት ነው፤ ሙጫው ውኃ የማይፈታው፣ በንብርብሮቹ መካከል ባዶ ቦታ የሌለው። እንጨቱ ኦኩሜ ይባላል፤ ከጋቦን ነው የሚመጣው። ከአፍሪካ ተጭኖ ሲያትል ድረስ መጥቶ ከእኛ ጋር መገናኘቱ አሳቀን። ቀላልና ለሥራ የሚመች እንጨት ነው፤ ብስባሽን ግን በራሱ አይቋቋምም። ስለዚህ ፊቱንም ጀርባውንም፣ በተለይም የተቆረጠውን ጠርዙን፣ ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ አጠጣነው።

የካርቶን ልክ ቆርጠን፣ ገብቼ ሞክሬ፣ ወጥቼ አስተካክለን፣ እንደገና ገባሁ። ሰሌዳው አንድ ሆኖ በአፉ ስለማይገባ ሁለት ሁለት ቦታ ተቆረጠ፤ ጋሼ የላይኛው ሰሌዳ መገጣጠሚያ ከታችኛው ጋር አንድ መስመር ላይ እንዳይውል አደረጉት፤ እንደ ግንብ ድንጋይ ማለት ነው። ኢፖክሲው የሚቀላቀለው አምስት እጅ ከአንድ እጅ ነው። በዓይን ግምት አይሆንም፤ ልጃችን በሚዛን ፊት ተቀምጣ ለካችልን። ከተቀላቀለ በኋላ ጊዜ አይሰጥም፤ ኩባያ ውስጥ ከቆየ ራሱ ይግልና ያጨሳል። በዱቄት አወፍረን እንደ ገንፎ ሲሆን እኔ ቀብቼ ሰሌዳውን አስገጠምኩ። ሞርሳ የሚይዝበት ቦታ ስለሌለ በድሮዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች በኩል ሰም የተቀቡ ረጃጅም ብሎኖች አሳለፍን። ከውጭ እሱ፣ ከውስጥ እኔ ጣውላ አድርገን አጠበቅነው። ሰም የተቀቡት ኢፖክሲው እንዳይዛቸውና በማግስቱ እንዲወጡ ነው። በላዩ ላይ ሦስት ንብርብር የፋይበርግላስ ጨርቅ፣ እያንዳንዱ ከበፊተኛው እየሰፋ፣ እስከ ጎን ግድግዳዎቹ ድረስ ሄዶ ተጣበቀ፤ ሸክሙ በሰሌዳው ላይ ብቻ እንዳይቀር ወደ ጀልባው ጎንም እንዲካፈል ነው።

ቀዳዳዎቹን እንዴት እንደሠራናቸው ሳልናገር ባልፍ ሥራው ጎደሎ ይሆናል፤ ጥፋቱ የገባው በእነሱ ነውና። ብሎኑ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ ግን በትራፓኖ መጀመሪያ 20 ሚሊ ሜትር በሳን። ያን ሰፊ ቀዳዳ በወፈረ ኢፖክሲ ሞልተን፣ ሲደርቅ መካከሉን በ10 ሚሊ ሜትር በሳነው። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በእንጨት ውስጥ ሳይሆን በኢፖክሲ ቱቦ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ማሸጊያው ቢደርቅና ውኃ ቢገባ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም። ከውስጥ በኩል በሮንዴላዎቹ ፈንታ ባለ 6 ሚሊ ሜትር የፋይበርግላስ ጠፍጣፋ፣ በጎኑ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ተደረገ። አልሙኒየም ይረክሳል፤ ግን ስቴንለስ ብሎንና አልሙኒየም ጨው ባለበት ሲነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል።

ከዚያ ሞተሩ ከመሰቀሉ በፊት ባለቤቴ በክንዱ ላይ ቆመ። 82 ኪሎ ነው፤ ከሞተሩ ሦስት እጥፍ። ዘለል ዘለልም አለበት። እኔ ውስጥ ሆኜ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ነበር። አልተነፈሰም። ጠቅላላ ወጪያችን 430 ዶላር ሆነ።

ወጣቶቹን ጠርተን ሁሉንም አሳየናቸው፤ በስልክ ያነሣሁትን የሦስቱን ባልዲ ፎቶ ጭምር። ሚስትየዋ ፎቶውን አይታ ባሏን ዞር ብላ አየችው፤ ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ጀልባ አልገዙም፤ ልጅ ስለመጣ ሰፋ ያለ መኪና ገዙ። እኛም አልሸጥነውም። ልጃችን ትሳፈራለች፤ እኔም እሳፈራለሁ፤ ውኃ ግን አሁንም አልወድም። ባለቤቴ ከስድስት ወር በኋላ ደሞዙ ትንሽ ዝቅ ቢልም ወደ ቀን ፈረቃ ተዛወረ። ፍሪጁ ላይ የቀሩት የልጃችን ሥዕሎች ናቸው።

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ጀልባው ውኃ ከመግባቱ በፊት ግድግዳውን በዚያችው መዶሻ እናንኳኳለን፤ አሁን የምታንኳኳው ልጃችን ናት፤ ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል። ብሎኖቹንም እንፈትሻለን። ይህ ሥራ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ ከውጭ የብሎኑን ራስ የሚይዝ ከሌለ ዳዶው ሲዞር ብሎኑም አብሮ ይዞርና ማሸጊያው ይፈታል። ዘንድሮ የላይኛው የግራው ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ አገኘሁት። “ያዝከው?” አልኩት ከውስጥ ሆኜ። “ይዤዋለሁ” አለኝ። አጠበቅሁት።